ፕላዝማ ለምትሞክሩ ወጣት መሐንዲሶች

ልጆች፣ በፕላዝማ ውሃ ለማከም የምትደክሙትን ሳይ ደስ ይለኛል። በውሃ ሥራ ሸምግዬም ነገሩ አሁንም ይገርመኛል። ከፍተኛ ቮልቴጅ በኤሌክትሮዶቹ መካከል ያለውን አየር ሲሰነጥቀው ሐምራዊ ብርሃን ይታያል፤ ፕላዝማ የምንለው ይህን በኤሌክትሪክ የተሰነጠቀ አየር ነው። ኦዞን፣ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድና ሌሎች ኃይለኛ ነገሮች ይፈጠራሉ። ባክቴሪያው ያልቃል። ማን አይማረክም?

«አዲስ ቴክኖሎጂ» ስትሉ ግን ፈገግ እላለሁ። ጀርመናዊው ቨርነር ፎን ዚመንስ በዚሁ መንገድ፣ አየርን በኤሌክትሪክ እየሰነጠቀ፣ ኦዞን የሚያመርት ቱቦ የሠራው እ.ኤ.አ. በ1857 ነው። በ1893 ኔዘርላንድስ ውስጥ የወንዝ ውሃ በኦዞን ይታከም ነበር። ዛሬም ትልልቅ የኦዞን ጣቢያዎች የሚጠቀሙት ያንኑ ዘዴ ነው። እናም መጀመሪያ የቀደሙትን አንብቡ፤ ብዙ ልፋት ይቀንስላችኋል።

ኦዞን ከክሎሪን ይልቅ ፈጥኖ ይገድላል። ግን ውሃው ውስጥ አይቆይም፣ ቶሎ ይጠፋል። በኦዞን የሚያክሙ ብዙ ከተሞች መጨረሻ ላይ ጥቂት ክሎሪን የሚጨምሩትም ለዚህ ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ውሃው ከቦኖ ወደ ጄሪካን፣ ከጄሪካን ወደ እንስራ ይሄዳል። ከዚያ አንዱ ልጅ ኩባያውን ከነእጁ ይነክረዋል። በሊትር 0.2 ሚሊ ግራም ክሎሪን ቢቀርለት ያንን እጅ በመጠኑም ቢሆን ይቋቋም ነበር። የእናንተ መሣሪያ ግን ሥራውን ጨርሶ ከዚያ ቦታ ቀርቷል። ስለዚህ ከመሣሪያው የወጣውን ውሃ ሰው ቤት ባገለገለ ጄሪካን ቅዱ። በማግስቱ ውስጡ ያለውን ባክቴሪያ ለኩ። ያ ቁጥር ከሌለ ሪፖርታችሁን አልፈርምላችሁም።

«99.9 በመቶ ገደልን» የሚለውም አያስጨብጭብም። አንድ ሊትር ውስጥ አንድ ሚሊዮን ኢ. ኮላይ (ውሃው በሰገራ መበከሉን የሚጠቁም ባክቴሪያ) ከነበረ አንድ ሺህ ቀርቷል፤ በ100 ሚሊ ሊትር 100 ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በ100 ሚሊ ሊትር አንድም እንዳይገኝ ይላል። ሌላም አለ፦ ፕላዝማ የነካው ውሃ ማሽኑ ከጠፋ በኋላም መግደሉን ይቀጥላል። ናሙናው ላብራቶሪ እስኪደርስ ባክቴሪያው መንገድ ላይ እየሞተ ነው። ማስቆሚያ ኬሚካል ካልጨመራችሁበት መሣሪያው ያልሠራውን ሥራ ለመሣሪያው ትሰጡታላችሁ።

ሙከራውን በተጣራ ውሃ ጀምሩ፣ በእሱ ግን አትጨርሱ። የወንዝ ውሃ ጨው አለበት፤ ብልጭታው ውሃው ውስጥ ከሆነ ጉልበቱ ወደ ማሞቅ ይሄዳል። ድፍርሱም ለባክቴሪያ መደበቂያ ይሆናል። ያው አሸዋ ማጣሪያውን ማስቀደም የግድ ነው። አሸዋ ማንንም አያስደንቅም፣ ፎቶም አያምርበትም፤ ግማሹን ሥራ የሚሠራው ግን እሱ ነው።

አየር ውስጥ ስትሠሩ ናይትሮጅኑ ናይትሬትና ናይትራይት ሆኖ ውሃው ውስጥ ይገባል፤ ውሃውም ይኮመጥጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ጣሪያ ለናይትሬት በሊትር 50፣ ለናይትራይት 3 ሚሊ ግራም ነው። በተለይ ለሕፃናት ወተት የሚበጠበጥበት ውሃ ከሆነ ሳትለኩ እንዳታልፉ። የስምጥ ሸለቆን ፍሎራይድ ደግሞ ፕላዝማ አይነካውም። ለገበሬው «ሁሉን ያጸዳል» ብላችሁ እንዳትነግሩት።

መብራት ሲሄድስ? መንደሩ ያን ቀን ምን ይጠጣል? መልሱ ክሎሪን ከሆነ ክሎሪኑን ከመጀመሪያው ዕቅዱ ውስጥ አስገቡት። ምንም የሚያሳፍር ነገር የለውም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ማብሪያው ከጠፋ በኋላም ካፓሲተሩ (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ዕቃ) ጉልበት ይዞ ይቆያል። ጉልበቱን በመሬት ሽቦ ሳታፈሱት እጃችሁን አታስገቡ፤ ብቻችሁንም አትሥሩ። የኦዞን ሽታ ከመጣ ማሽኑን አጥፉና መስኮት ክፈቱ፤ ሳንባችሁን ይጎዳል።