ለሱስ ሕክምና ክሊኒክ ቃለ መጠይቅ ሂፓን ማወቅ ይበቃል?

በሜሪላንድ በአንድ የሜታዶን (ለኦፒዮይድ ሱስ ሕክምና የሚሰጥ መድኃኒት) ክሊኒክ ለኬር ኮርዲኔተርነት (የታካሚዎችን ሕክምና ለማስተባበር ሥራ) ቃለ መጠይቅ ተጠርተው፣ «ሂፓን ተምሬያለሁ፤ ይበቃኛል?» ብለው ለጠየቁን እህታችን፦

አይበቃም። ሂፓ የታካሚዎችን የጤና መረጃ ምስጢር የሚጠብቅ አጠቃላይ የአሜሪካ ሕግ ነው። የሱስ ሕክምና መዝገብ ግን በአሜሪካ ከሂፓ ሌላ 42 ሲኤፍአር ፓርት 2 የሚባል የራሱ የፌዴራል ደንብ አለው። ሰው እከሰሳለሁ ወይም ከሥራ እባረራለሁ ብሎ ከሕክምና እንዳይሸሽ የወጣ ነው። በ2024 ስለተሻሻለ ከዚያ በፊት የተዘጋጀ ማስታወሻ አያጥኑ።

ለእርስዎ ሥራ ትልቁ ለውጥ የፈቃድ ፎርሙ ነው። ታካሚው አሁን አንድ ጊዜ ፈርሞ ለወደፊት ሕክምናው፣ ለክፍያና ለተቋሙ አሠራር መፍቀድ ይችላል። ፎርሙ ማን ለማን፣ ምን መረጃ፣ ለምን ዓላማ እንደሚሰጥና መቼ እንደሚያበቃ ይናገራል። ወደ ቤተሰብ ሐኪሙ ፋክስ ከማድረግዎ በፊት ጊዜው እንዳላለፈ፣ ታካሚው እንዳልሻረው ያረጋግጡ። ከመዝገቡ ጋር የደንቡ ማሳሰቢያና የፈቃዱ ቅጂ ወይም ወሰኑን በግልጽ የሚያስረዳ ጽሑፍ አብሮ ይሄዳል። በጥድፊያ የሚረሳው ይሄ ነው። አማካሪው ለይቶ የሚይዘው የምክር ማስታወሻ ደግሞ የራሱ ፈቃድ ያስፈልገዋል።

ስልክ ተደውሎ «ወንድሜ እናንተ ጋ ይታከማል? እናታችን ታማለች» ቢባሉስ? «ማንም ሰው እዚህ ይታከም አይታከም መናገር አልችልም» ይበሉ። ለማይታከመው «የለም» ካሉ፣ ለሚታከመው ዝም ማለትዎ ራሱ መልስ ይሆናል። ሰው በድምፅ በሚተዋወቅበት በእኛ ማኅበረሰብ ይህን አጥብቀው ይያዙት።

ጠበቃ ሳፒና (መረጃ እንዲቀርብ የሚያዝ የሕግ መጥሪያ) ይዞ ቢመጣ፣ ታካሚው በጽሑፍ ካልፈቀደ ሳፒና ብቻውን አይበቃም፤ በፓርት 2 መሠረት የተሰጠ የፍርድ ቤት ትእዛዝም ያስፈልጋል። ወረቀቱን ተቀብለው ለሱፐርቫይዘርዎ ያስተላልፉ።

ብዙ አመልካች የሚወድቅበት ግን «ያለ ፊርማ ለማንም አልሰጥም» በሚለው መልስ ነው። ራሱን የሳተ ታካሚ ድንገተኛ ክፍል ገብቶ ሐኪሙ የሜታዶን መጠኑን ቢጠይቅ፣ ፈቃድ ማግኘት ስለማይቻል ይነገረዋል፤ መከልከል ሰውየውን ሊገድለው ይችላል። ወዲያው የተቀባዩን ስምና ተቋም፣ የሰጪውን ስም፣ ቀኑንና ሰዓቱን፣ የድንገተኛውን ሁኔታ ምንነት በመዝገቡ ላይ ይጽፋሉ።

«ጥያቄ አለሽ?» ሲሉዎት፦ «ታካሚ ፈቃዱን ሲሽር በሲስተሙ ላይ የሚመዘግበው ማን ነው?» ብለው ይጠይቁ።