ጠጠር ይዛ አፈር የምትደቁስ ተርብ

ጥያቄ፦ መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ደምበጫ አካባቢ ነው። ሰሞኑን ጓሮዬ ውስጥ ወገቧ ክር የሚያክል ጥቁር ተርብ አየሁ፤ ሆዷ ላይ ቀይ አለባት። ከራሷ የሚበልጥ አባጨጓሬ ጎትታ ጉድጓድ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ጠጠር በአፏ ይዛ አፈሩን መደብደብ ጀመረች! አባጨጓሬው እኮ ሲገባ ይንቀሳቀስ ነበር። ትንንሽ ልጆች ስላሉኝ ፈራሁ። የፈላ ውኃ ላፍስስበት?

መልስ፦ ኧረ እህቴ፣ እባክዎ አያፍስሱበት! ይህን ሳያይ ዕድሜውን የሚጨርስ ብዙ ነው። እኔም ያየሁት አንዴ ብቻ ነው፤ ልጅ ሳለሁ፣ ፍኖተ ሰላም፣ አያቴ አውድማ ዳር። በደረቴ ተኝቼ ነበር የማያት። ጠጠሯ ምስር ታክላለች። በመንጋጋዋ ነክሳ፣ ዝዝዝ እያለች አፈሩን ጠቅ ጠቅ ታደርገዋለች። ጠጠሯን አስቀምጣ አፈር ትጭርበታለች፤ መልሳ ታነሳና ትደቁሳለች። በመጨረሻ ጭራሮ ጣል አድርጋበት ሄደች። ዞር ብዬ ብፈልገው ጉድጓዱ የቱ ጋ እንደነበር ጠፋኝ።

ስሟ በሳይንስ አሞፊላ ነው፤ በግሪክኛ «አሸዋ ወዳድ» ማለት ነው። በዓለም ላይ ከ200 በላይ ዝርያዎች አሏት። የጠጠሩን ነገር ጆርጅና ኤልዛቤት ፔክሃም የተባሉ አሜሪካውያን ባልና ሚስት በ1898 እ.ኤ.አ. ጽፈውታል። የእኛ አገሮቹን ግን እምብዛም ያጠናቸው የለም። ይህ ሁሌም ይቆጨኛል።

አባጨጓሬው አልሞተም፤ ደንዝዟል። በሆዱ በኩል ትነድፈውና መሄድ ያቅተዋል። ቢሞት ይበሰብሳል፤ ልጇ ደግሞ የምትፈልገው ትኩስ ሥጋ ነው። አንድ እንቁላል ጎኑ ላይ ትጥላለች። የምትፈለፈለው እጭ እሱን በልታ ታድጋለች። እናትየዋ ራሷ የአበባ ማር ነው የምትቀምሰው።

ለልጆቹ አይስጉ። ይህች እንደ መንጋ ተርብ ቤቴ ተነካ ብላ ግር ብላ አትወጣም፤ ብቻዋን ነው የምትኖረው። ወንዱ ጭራሽ መንደፊያ የለውም። እሷም በእጅ ካልጨበጧት ወይም ካልረገጧት ጉዳይዋ ከአባጨጓሬ ጋር ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ዶሮዎ ነው። ጭራ ታወጣዋለች። ቦታው ላይ እሾህ ጣል ያድርጉበት፣ አመድም አይድፉበት። ያቺን ጠጠር ካገኟት ደግሞ ከሳንቲም ጎን አስቀምጠው ፎቶ ይላኩልኝ።