ቅዳሜን ስለ መዝጋት ከአሠሪ ወገን

እህቴ፣ «ደመወዝ ሳይነካ ሳምንቱን 5 ቀን አድርጉልን ብንል አሠሪያችን እንዴት ያየዋል?» ብለሻል። እኔ ደብረ ብርሃን ላይ 9 ሠራተኛ ይዤ በርና መስኮት እሠራለሁ፤ የደረሰብኝን ልንገርሽ።

መጀመሪያ ልጆቹ ሲጠይቁኝ ደስ አላለኝም። ቅዳሜ ይዘጋ ሲባል ቶሎ የታየኝ የቤት ኪራዩ፣ የባንክ ዕዳውና ቀብድ የተቀበልኩባቸው በሮች ናቸው። ብዙ አሠሪ እምቢ የሚለው በክፋት አይደለም፣ የማስረከቢያ ቀን ያልፍብኛል ብሎ ነው።

ከዚያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን አነበብኩ። በሳምንት ከ48 ሰዓት አይለፍ ይላል እንጂ የግድ 6 ቀን ይሠራ አይልም፤ ሥራው ካስገደደም የአንዱን ቀን ሰዓት ቀንሶ ወደ ሌሎቹ ማዞር ይቻላል፣ በቀን ከ10 ሰዓት ካልበለጠ። 48ቱን ለ5 ስናካፍለው 9 ሰዓት ከ36 ደቂቃ መጣ። ጠዋት 1 ሰዓት መግባት ጀመርን።

ወሩ ኅዳር ነበር። የእኛን አገር ውርጭ ታውቂዋለሽ። ኮላው ይወፍራል፣ እንጨቱ እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል፣ ጠዋት ያጣበቅነው የበር መቃን ከሞርሳው ሲወጣ መጋጠሚያው ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ትቶ ይላቀቃል። በአንድ ሳምንት 3 መቃን እንደገና ሠራን። ያቺ የጠዋት ሰዓት ለእኔ ኪሳራ፣ ለልጆቹ የጣት ድንዛዜ ሆነች።

ስለዚህ ያለፉትን ቅዳሜዎች ማሰብ ጀመርኩ። አንዱን መብራት ጠፍቶ ዋልን፣ አንዱን ግማሹ ሰው ለአጨዳ ቤተሰቡ ጋ ሄደ፣ አንዱን ለቅሶ ነበር። ቅዳሜ የምለው ቀን ለካ አልነበረኝም! ከ2 እስከ 11 ሰዓት ተኩል አደረግነው፣ የምሳ ሰዓት ሲወጣ በሳምንት 42 ሰዓት ተኩል ማለት ነው፤ እስከ 3 ሰዓት እንለካለን፣ እንልጋለን፣ ኮላ አይነካም። ደመወዝ አልቀነስኩም። ከሥራ የሚቀረው ሰው በጣም ቀነሰ፣ ማስረከቢያም አላለፈብኝም።

እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ2022 61 ድርጅቶች ደመወዝ ሳይቀንሱ በሳምንት 4 ቀን መሥራትን ሞክረው ከሙከራው በኋላ 56ቱ ቀጥለውበታል። ግን እሱን ብቻ ይዘሽ አትግቢ፣ «እነሱና እኛ አንድ ነን?» ይልሻል። የራሳችሁን ቅዳሜዎች ጽፈሽ ግቢ፣ የ2 ወር ሙከራ ጠይቂ፣ ምን ያህል ሥራ እንደምታስረክቡም አብረሽ ንገሪው።

ማሽኑ ሌሊትና ቀን የሚዞር ፋብሪካ ከሆነ ግን ነገሩ ይከብዳል፤ ሰዓት በተቀነሰ ቁጥር ሌላ ሰው መቅጠር አለበት። የእናንተ በፈረቃ ነው?