እያወራሽ ፍቺው

ሰላም እህቴ። ከ10 ቀን በኋላ ለአንድ የውጭ ኩባንያ የላይቭ ኮዲንግ ኢንተርቪው (ጠያቂው እያየ ኮድ የሚጻፍበት የሥራ ቃለ መጠይቅ) እንዳለሽ፣ የኮዲንግ ጥያቄዎች መለማመጃ በሆነው ሊትኮድ ድረ ገጽ ላይ ግን 40 ጥያቄ ብቻ እንደሰራሽና ይበቃ አይበቃ እንደሆነ ጠይቀሻል። እኔ የመጀመሪያውን ስወድቅ ከ200 በላይ ሰርቼ ነበር።

የወደቅኩት መልሱ ጠፍቶብኝ አይደለም። ጥያቄው ቱ ሰም ነበር፤ ከተሰጡት ቁጥሮች ውስጥ ድምራቸው ይህን ያህል የሚመጣውን ሁለቱን አግኝ የሚለው። እንደሰማሁት አንገቴን ደፍቼ መጻፍ ጀመርኩ። 15 ደቂቃ ሙሉ ትንፍሽ አላልኩም። ኮዱ ሰራ። ከሳምንት በኋላ ግን አላለፍክም የሚል ኢሜይል መጣ። ምክንያቱን ስጠይቅ "እንዴት እንደምታስብ ማወቅ አልቻልንም" አሉኝ።

በጣም አዘንኩ፤ በኋላ ግን ገባኝ። እኛ ያደግነው ትልቅ ሰው ፊት ዝም ብለን ነው። ፈተና ላይ ማውራት ደግሞ ኩረጃ ነው። እዚያ ግን ጠያቂው ሊሰማ የመጣው ሐሳብሽን ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ጠይቂው፦ ኔጌቲቭ ቁጥር ሊኖር ይችላል? መልስ ከሌለስ ምን ልመልስ? ከዚያ ቀላሉን መንገድ ተናገሪ። "ሁሉንም ጥንድ በጥንድ ልደምር እችላለሁ፤ ቁጥሮቹ 10,000 ከሆኑ ግን ወደ 50 ሚሊዮን ጥንድ ልፈትሽ ነው" በይ። ቀጥለሽ "ያየኋቸውን ሃሽ ማፕ ውስጥ፣ ማለትም የፈለግኩትን ቶሎ በማገኝበት ማስቀመጫ ውስጥ፣ እያስቀመጥኩ ብሄድ፣ ለእያንዳንዱ ቁጥር ማሟያው፣ ማለትም ድምሩን የሚሞላው ሌላው ቁጥር፣ ቀድሞ መኖር አለመኖሩን አያለሁ፤ አንድ ዙር ይበቃኛል፣ ሜሞሪ ግን ይበላል" በይ። ኮዱን መጻፍ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

በቀሩት ቀናት አዲስ ጥያቄ አታሳድጂ። ከ40ዎቹ በቀን ሁለት ውሰጂና ለሰው እያስረዳሽ ፍቺ፤ በእንግሊዝኛ። እኔ ከአንድ የአምስት ኪሎ ጓደኛዬ ጋር ማታ ማታ ተራ በተራ እንጠያየቅ ነበር። ድምፄን ቀድቼ ሳዳምጥ የት የት ጋ ዝም እንደምል ለየሁት።

ሌላው "እኛ" የምትለዋ ቃል ናት። ስለ ፕሮጀክቴ ሲጠይቁኝ "ሰርተናል፣ አስተካክለናል" እል ነበር፤ "እኔ" ማለት ጉራ ይመስለኝ ነበር። ሰሚው ግን የአንቺ ድርሻ የቱ እንደሆነ አይገባውም። ዳታቤዙ ሲዘገይ ኢንዴክስ (ፍለጋን የሚያፈጥን ማውጫ) የጨመርሽው አንቺ ከሆንሽ "እኔ ጨመርኩ" በይ። እውነት እኮ ነው!

ሰዓቱን አደራ። በኒውዮርክ ከጠዋቱ 10 ሰዓት ከተባልሽ፣ በበጋቸው በኛ ከቀኑ 11 ሰዓት ነው፤ በክረምታቸው ደግሞ 12 ሰዓት። እነሱ ሰዓት ይቀይራሉ፣ እኛ አንቀይርም። ላፕቶፕሽን ቻርጅ አድርጊ፤ መብራት ቢሄድ እንኳ ስልክሽ ላይ ዳታ ይኑር።

ሲስተም ዲዛይን፣ ማለትም ትልቅ ሶፍትዌር በአጠቃላይ እንዴት እንደሚዋቀር የሚጠየቅበት ክፍል፣ ለጀማሪ ብዙም ስለማይጠይቁ አሁን አትጨነቂበት።

እኔ ነገ ማታ ከ2 ሰዓት በኋላ ነፃ ነኝ። ከፈለግሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፤ ጠያቂ ሆኜ አንድ ዙር እንሞክረው።