የወሎ ኦፓልና የአውስትራሊያ ኦፓል፦ ጥያቄና መልስ

ዛሬ ኦፓል ስለሚባለው የከበረ ድንጋይ፣ ስለ ሁለቱ ዓይነቶች ጠይቁኝ። ከመጀመራችን በፊት ግን አንድ ነገር፦ የወሎ ኦፓል ውሃ ውስጥ አይነከርም። ዘይት ውስጥማ ጭራሽ!

ከደሴ፦ ጋሼ፣ በምን ይለያያሉ? የኛው ለምን ይረክሳል?

መልስ፦ ሁለቱም ሲሊካ (አሸዋ ውስጥ የሚገኘው ንጥረ ነገር) እና ውሃ ናቸው። ጥንካሬያቸውም ተቀራራቢ ነው፤ በሞህስ መለኪያ ከ5.5 እስከ 6.5። የአውስትራሊያው በአብዛኛው የሚገኘው ደለል ድንጋይ ውስጥ ነው፤ የኛው፣ የወሎ ደላንታው፣ ግን ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ይወጣል። የኛው በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች አሉት። ስለዚህ ይቀላል፤ የአውስትራሊያው እፍጋት 2.1 አካባቢ ሲሆን የኛው ከ2 በታች ይወርዳል። ብርሃን የማጠፍ መጠኑም የአውስትራሊያው 1.45 ገደማ ነው፤ የኛው ከ1.4 በታች ሊሆን ይችላል። ዋጋውን ነጋዴ ጠይቅ።

ከዱባይ፦ እጄን ስታጠብ የቀለበቴ ፈርጥ ቀለሙ ጠፋ። ተሸወድኩ?

መልስ፦ አልተሸወድሽም እህቴ። ደረቅ የወሎ ኦፓል ውሃ ሲነካው መጀመሪያ ጥቃቅን አረፋዎች ከላዩ ይነሳሉ። ቀዳዳዎቹ ውስጥ የነበረው አየር እየወጣ ነው። ከዚያ ድንጋዩ እንደ መስታወት ጥርት ይልና ብልጭታው ይደበዝዛል። ቀለሙ የሚመጣው በሥርዓት ከተደረደሩ ደቃቅ የሲሊካ እንክብሎች ነው፤ ይህን የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች በ1964 እ.ኤ.አ. በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አሳይተዋል። አየርና ሲሊካ ብርሃንን የሚያጥፉት በጣም በተለያየ መጠን ነው። በአየሩ ቦታ ውሃ ሲገባ ልዩነቱ ይጠባል፤ ቀለሙም አብሮ ይደክማል። ሲደርቅ ይመለሳል። ሰዓታት፣ አንዳንዴም ቀናት ይፈጃል። በፀጉር ማድረቂያ አታቻኩይው፣ ይሰነጠቃል። ዘይትና ሽቶ ከገባበት ግን ማስወጣቱ ከባድ ነው።

ከወገልጤና፦ ውሃ ጠርሙስ ውስጥ የተቀመጠ ጥሬ ድንጋይ ብገዛስ?

መልስ፦ አትግዛ! ድንጋዩ ውሃ ጠጥቶ ሚዛን ላይ ሲወጣ የውሃውን ዋጋ የምትከፍለው አንተ ነህ። ስንጥቁም ውሃ ውስጥ ሆኖ አይታይህም። ሙሉ በሙሉ ይድረቅ፣ በብርሃን አዟዙረህ እየው፣ ከዚያ ይመዘን። ሻጩ እምቢ ካለ ተወው።

ከአዲስ አበባ፦ ምን ያካብዳል? ምላስ ላይ ከተጣበቀ የወሎ ነው፣ አለቀ።

ከደብረ ብርሃን፦ ወሎ ወሎ ብቻ! መጀመሪያ የታወቀው እኮ የኛ የሰሜን ሸዋው፣ የመዘዞው ኦፓል ነው።

ከወገልጤና፦ እሱ አይደል ተሰነጣጥቆ የሁላችንን ስም ያጠፋው?

ከደብረ ብርሃን፦ ሁሉም አይሰነጠቅም!

መልስ፦ ወንድሞቼ፣ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። የመዘዞው በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ገበያ ወጣ። አብዛኛው ቡናማ ነበር፣ ብዙውም ተሰነጠቀ። የወሎው በ2008 እ.ኤ.አ. ሲመጣ ገዢዎች በዚያው ዓይን አዩት፤ ያለ ጥፋቱ ነው። ተመራማሪዎች የወሎን ኦፓል ከ1.5 ሜትር ከፍታ ሲሚንቶ ላይ ጥለውት አልተሰበረም። የምላሱ ነገር ደግሞ ድንጋዩ ቀዳዳ እንዳለው ይነግርሃል እንጂ አገሩን አይነግርህም።

ከባሕር ዳር፦ ኦፓል ጥሩ ነው?

መልስ፦ ለምን? ለቀለበት? ለሐብል? ለንግድ? ጥያቄህን ጨርሰህ ተመለስ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ጥቁር የወሎ ኦፓል በርካሽ አገኘሁ።

መልስ፦ በርካሽ ከሆነ በጭስ የጠቆረ ይሆናል። ቀዳዳ ያለው ድንጋይ ጭስም ቀለምም ይቀበላል። ተፈጥሯዊ ጥቁር ወሎም ውስጥ አለ፤ ግን ላቦራቶሪ ሳያየው ገንዘብህን አታውጣ።

ከሐዋሳ፦ የሻኪሶ ኤመራልድስ?

መልስ፦ ሌላ ማዕድን ነው። ጥንካሬው ከ7.5 እስከ 8። ሌላ ቀን።

ከሪያድ፦ ኦፓሌን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፌ ልጠበው?

መልስ፦ ከላይ ያለውን አንብቢ እንጂ! የወሎ ከሆነ አይዘፈዘፍም። በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ጥረጊው። ድፍን የአውስትራሊያ ከሆነ ለብ ያለ ውሃና ጥቂት ሳሙና ይችላል። በሙጫ የተጣበቀ ንብርብር ከሆነ ግን እሱንም አትንከሪው።

የጂኦሎጂ ተማሪ፦ ኦፓሉን ሪፍራክቶሜትር (ብርሃን የማጠፍ መጠን መለኪያ) ላይ ላስቀምጠው?

መልስ፦ ጎሽ፣ ጥያቄ ማለት ይሄ ነው። የወሎውን አታስቀምጪው። በድንጋዩና በመሣሪያው መስታወት መሀል የሚጨመረው ፈሳሽ ወደ ውስጥ ይሰርጋል፣ ድንጋዩም ይበከላል። እፍጋቱን ውሃ ውስጥ አንጠልጥለሽ ስትለኪም ተጠንቀቂ። ድንጋዩ እየጠጣ ሲሄድ ሚዛኑ ላይ ያለው ቁጥር ቀስ እያለ ይወጣል። የአውስትራሊያውን ስታንጠለጥዪ ቁጥሩ ወዲያው ይረጋል።