ቡሎኑ ቴስታታ ውስጥ ሲቀር

ሰሞኑን ገላን የሚሠራ አንድ ወጣት መካኒክ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ የአይሱዙ ማኒፎልድ ቡሎን ተበጥሶ ቴስታታው ውስጥ ቀረብኝ። ማውጫ ልግዛ?» አለኝ። ማኒፎልድ የሞተሩን ጭስ ሰብስቦ የሚያወጣው ቱቦ ነው፤ በቡሎን የሚታሰረው ቴስታታው፣ ማለትም የሞተሩ ራስ ላይ ነው። ማውጫ ደግሞ የተበጠሰ ቡሎን መሃሉን በስተው ከከተቱት በኋላ ወደ ኋላ እያዞሩ የሚያወጡበት ብረት ነው። ጥያቄው ቀላል ነው። እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ጊዜው 1989 ዓ.ም.፣ የመስቀል ሰሞን ነው። ከቃሊቲ ወደ አቃቂ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በቆርቆሮ የተከለለች ጋራዥ ውስጥ እሠራ ነበር። ሙያውን የተማርኩት በትልቁ የፊያት ጭነት መኪና፣ በኤንትሬ ስለሆነ አይሱዙ እንደ መጫወቻ ነበር የሚታየኝ። መስከረም 15 ከሰዓት አንድ ሾፌር መኪናውን እያንጫጫ ገባ። ከኋለኛው ሲሊንደር በኩል ጭስ «ጨ! ጨ!» እያለ ይወጣል፤ ቴስታታው ጥላሸት ለብሷል። የጫፉ ቡሎን ነው የተበጠሰው። አብዛኛውን ጊዜ የሚበጠሱት የጫፎቹ ናቸው። ማኒፎልዱ ሲግል ይረዝማል፣ ሲቀዘቅዝ ያጥራል። መሃል ያሉት ብዙም አይሰማቸው፤ ጫፍ ያሉትን ግን ወዲህ ወዲያ እየጎተተ ያደክማቸዋል።

ሾፌሩ የእምድብር ሰው ነው። ለደመራ እናቱ ቤት መድረስ አለበት። የገዛላት ነጠላ በፌስታል ተጠቅልሎ ጋቢና ውስጥ ተቀምጧል። «ማታ ትወጣለህ» አልኩት። ማን ጠየቀኝ!

አለቃችን «ናፍጣ አጠጡትና ይደር፣ ጠዋት በያጅ ይምጣ» ብለው ወጡ። እኔ አልሰማሁም። ረዳቴ አሥራ ስድስት ዓመት የማይሞላው ልጅ ነበር፤ እሱ በባትሪ እያበራልኝ እኔ የተበጠሰውን ቡሎን በሳሁት። ከመሃል ትንሽ ስቻለሁ። ማውጫውን ቀዳዳው ውስጥ መታሁና በቁልፍ ያዝኩት። ትንሽ ሲዞርልኝ ቡሎኑ የተላቀቀ መስሎኝ ደስ አለኝ። ልጁ ጠጋ ብሎ አየና «ጋሼ፣ ማውጫው ራሱ እኮ ነው የሚጠመዘዘው» አለ። «ዝም ብለህ አብራ!» አልኩት። ወዲያው ማውጫው ጧ ብሎ እዚያው ውስጥ ተሰበረ።

ማውጫ ጠንካራ ብረት ነው፤ ተራ ፑንታ (መብሻ) አይበሳውም። ቴስታታው ወርዶ ብረት በማሽን የሚቀረጽበት ቶርኖ ቤት መሄድ ነበረበት። የቶርኖ ቤቱ ባለቤት ደግሞ እሱም ለመስቀል አገሩ ገብቷል። ሾፌሩ የሰፈሩን ደመራ ከጋራዡ በር ላይ ቆሞ አየ።

ይህም ይሁን። አለቃችን ጠዋት ገብተው ጉዱን ሲያዩ ወደ ልጁ ዞሩ። «አንተ ነህ አይደል?» እኔ አጠገባቸው እጄን በናፍጣ እየታጠብኩ ነበር። ልጁ አየኝ። መታጠቤን ቀጠልኩ። ደሞዙ ተቆረጠበት፤ ከበዓሉ በኋላም አልተመለሰም። ዳዶ፣ ቡሎን ላይ የሚጠብቀውን ብረት፣ በጣቱ ብቻ አዙሮ ጥርሱ መበላቱን የሚያውቅ ልጅ ነበር።

ለገላኑ ልጅ «ማውጫ አትግዛ» አልኩት። የተበጠሰው ላይ ዳዶ በይድበት። ቡሎኑን የሚያላቅቀው ዳዶው ብቻ አይደለም፤ የብየዳው ሙቀት ዝገቱን ይሰብረዋል። ቅላቱ እስኪጠፋ ጠብቅና ጥቂት ወደ ፊት፣ ጥቂት ወደ ኋላ እያልክ ፍታው። ዳዶው ከተነቀለ ሌላ በይድ። ኮምፒውተር ያለው መኪና ከሆነ ከብየዳ በፊት ባትሪውን ንቀል። መብሳት ግድ ከሆነ መሃሉን በደንብ ነጥብ ምታበት፤ ከቀጭን ፑንታ ጀምር። ጥርሱ ተበልቶ የ10 በ1.5 ጥርስ (ውፍረቱ 10 ሚሊ፣ ከጥርስ ጥርስ 1.5 ሚሊ) እንደገና የምታወጣ ከሆነ ቀዳዳው 8.5 ሚሊ ነው።

የዛሬ ልጆች ሁሉን ከስልክ ቪዲዮ ታያላችሁ፤ ቪዲዮው ደግሞ ቡሎኑ ናፍጣ ጠጥቶ የሚያድርበትን ሌሊት ቆርጦ ያወጣዋል። ቡሎን በአራት ደቂቃ የሚወጣ ይመስላችኋል። እውነቱን ለመናገር ግን፣ ከዳዶው በፊት ሮንዴላ (ጠፍጣፋ የብረት ቀለበት) መበየድን ያሳየኝ አንድ ጎረምሳ ነው፣ ከዚያው ስልክ። ማውጫም ሳጥኔ ውስጥ አለ። አምና ራሱ ተጠቅሜበታለሁ፤ ወጣልኝም።

የገላኑ ልጅ ትናንት ደወለ። ዳዶው ሦስት ጊዜ ተነቅሎበት በአራተኛው ወጣለት። ሾፌሩ ተቆጣ ወይ ብዬ ጠየቅኩት። «ኧረ ጋሼ፣ ገና ሲገባ ሁለት ቀን ብዬዋለሁ» አለኝ።