ፍሎረንስ ሥዕል ልማር ነው፤ ቀኑ እንዴት ነው የሚያልፈው?

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች ሦስቱ ውጭ አገር ሄዶ ሥዕል ስለመማር ናቸው። መልሱን የሰጠው ጣሊያን፣ ፍሎረንስ የተማረው የዓምዳችን ሰዓሊ ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ከሥዕል ትምህርት ቤት ተመርቄ እየሠራሁ ነው። አሁን ፍሎረንስ ያለ አንድ የግል ትምህርት ቤት ለአንድ ዓመት ንድፍ እንድማር ተቀብሎኛል። እናቴ «ሥዕሉን ታውቂው የለ እንዴ፣ ደግሞ ምን ልትማሪ ነው?» ትለኛለች። እኔም ቀኑን ሙሉ ምን እንደሚሠራ አላውቅም። ሥራ እየሠሩ መማርስ ይቻላል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ደስ አለሽ። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልንገርሽ። እዚያ ከገንዘብ እኩል መቆጠብ ያለብሽ የቀን ብርሃንን ነው።

እንደነዚህ ያሉ ትምህርት ቤቶች የሚያስተምሩት በተፈጥሮ ብርሃን ነው። የስቱዲዮው መስኮት ወደ ሰሜን የዞረ ስለሆነ ፀሐይ በቀጥታ አትገባም፤ ጥላውም ቀኑን ሙሉ ብዙ አይንቀሳቀስም። እኛ አገር ክረምት ከበጋ ቀኑ 12 ሰዓት አካባቢ ስለሆነ አስበነውም አናውቅም። ፍሎረንስ ግን ሰኔ ላይ ከ15 ሰዓት በላይ ብርሃን አለ፤ ታኅሣሥ ላይ ወደ 9 ሰዓት ይወርድና በኛ አቆጣጠር 10 ከ40 ገደማ ፀሐይ ትጠልቃለች። ደመና ከተጨመረበት ደግሞ ከዚያም ቀደም ብሎ ቀለል ያለው ጥላና ድፍኑ ጥላ አይለዩሽም። በቃ፣ የዚያን ቀን ሥራ አለቀ ማለት ነው።

አብዛኛውን ጊዜ ግማሹ ቀን ለሞዴል (ሳይንቀሳቀስ ቆሞ ለሚሣል ሰው)፣ ግማሹ ለጀሶ ቅርጽ ነው። መጀመሪያ ግን የሻርል ባርግን ሰሌዳዎች ትገለብጫለሽ። ባርግ ከሰዓሊው ዤሮም ጋር ሆኖ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፓሪስ ያሳተማቸው የንድፍ መለማመጃዎች ናቸው፤ ቫን ጎግም ሥዕል ሲጀምር ተለማምዶባቸዋል። አንድ እግር ወይም አንድ ጆሮ ለሳምንታት ትሠሪያለሽ። ቀጥሎ ጀሶው ይመጣል፤ እሱ ወራት ይፈጃል።

አሠራሩ ሳይት ሳይዝ ይባላል። የጀሶው ቅርጽ ይቀመጣል፣ ወረቀትሽ ከጎኑ ይቆማል፣ አንቺ ወደኋላ ራቅ ብለሽ ወለሉ ላይ ፕላስተር ለጥፈሽ ምልክት ካደረግሽበት ቦታ ትቆሚያለሽ። ከዚያ ቦታ ሲታዩ ቅርጹና ሥዕሉ እኩል ናቸው። ቱንቢ አንጠልጥለሽ ቀጥታውን፣ ክር ወጥረሽ አግድሙን ትለኪያለሽ፣ ወደፊት ሄደሽ አንዲት ነጥብ ታደርጊያለሽ፣ ትመለሻለሽ፣ ታያለሽ፣ አልሆነም፣ ትሰርዢያለሽ፣ እንደገና ትሄጃለሽ። ቱንቢ ስልሽ ግንበኞቻችን የሚጠቀሙበትን ያንኑ ቱንቢ ማለቴ ነው። ማታ የሚያምሽ እጅሽ ሳይሆን እግርሽ ነውና ከቻርኮሉ በፊት ጥሩ ጫማ ግዢ።

አስተማሪው በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ መጥቶ ያይልሻል። አይቶ «የግንባሩ ጥላ ጠርዝ ወደ ግራ ሄዷል» ይልና ያልፋል። ማመስገን ብዙ አይወዱም። ከኛ አገር የሄደ ተማሪ «ጎበዝ» መባል ስለለመደ መጀመሪያ ላይ ልቡ ይሰበራል። የተባልሽውን ሁሉ ደብተር ላይ ከነቀኑ ጻፊው፤ ከወር በኋላ ስታነቢው አንድ ዓይነት እርማት ሲደጋገም ታገኚዋለሽ፣ ልታርሚው የሚገባሽም እሱን ነው።

ሥራን በተመለከተ፣ ሕጉ በተማሪ መኖሪያ ፈቃድ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት መሥራት ይፈቅዳል። ግን ሥራሽ የማታ ይሁን። ምግብ ቤት ዕቃ ማጠብ ይሻላል፤ ልጅ መጠበቅ ከሰዓቱን ይበላብሻል፣ የጠዋት ካፌ ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው። የቱንም ያህል ቢከፍልሽ ቀን ላይ የሚያሠራሽን እምቢ በይ። ይሄን ጠንከር አድርጌ የምናገረው ስንት ጎበዝ ልጆች ለኪራይ ብለው ቀኑን ሲሸጡ ቆይተው፣ ዓመቱ ሲያልቅ የጀመሩትን ጀሶ ሳይጨርሱ ሲመለሱ ስላየሁ ነው። በጣም ያሳዝናል። ቤት ስትፈልጊም ከከተማ ርቆ የረከሰውን ብቻ አትይ፣ ለመመላለስ የሚፈጀውን ሰዓት አብረሽ አስቢ።

ወረቀቱንም ቶሎ ጨርሺ። ከደረስሽ በ8 የሥራ ቀናት ውስጥ የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከቻውን ከፖስታ ቤት ወስደሽ፣ ሞልተሽ እዚያው ታስገቢያለሽ። ከዚያ ኩዌስቱራ (ፖሊሱ ማለት ነው) ለአሻራ ይቀጥርሻል። ወረፋው ቀን ስለሚፈጅ የፓስፖርትሽንና የመድን ወረቀትሽን ቅጂ አንድም ሳይጎድል ይዘሽ ሂጂ፤ አንድ ወረቀት ጎድሎ መመለስ ሌላ ቀን መክሰር ነው።

ከመሸ በኋላ ደግሞ ከተማዋ ያንቺ ናት። ፒያሳ ዴላ ሲኞሪያ ላይ ሎጃ ዴይ ላንዚ የሚባል ክፍት አዳራሽ አለ፤ ቼሊኒ የቀረጸው ፐርሴዎስና የጃምቦሎኛ ሐውልቶች እዚያ ቆመዋል፣ የመግቢያ ክፍያ የለውም። ትንሽ ደብተርና እርሳስ ይዘሽ ዙሪያቸውን እየዞርሽ ንደፊ። ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ የመንግሥት ሙዚየሞች በነፃ ናቸው፣ ትልቁ የሥዕል ሙዚየም ኡፊዚም ጭምር፤ ሰልፉን ግን ቻይው። ኡፊዚ ከ150 ሺህ በላይ ንድፍና ሕትመት የሚቀመጥበት ክፍል አለው። ከትምህርት ቤትሽ ደብዳቤ አጽፈሽ ቀጠሮ ጠይቂ። የታላላቆቹን መስመር በመስታወትና በሕዝብ ጫጫታ መሐል ሳይሆን ተረጋግተሽ ከቅርብ ማየት ሌላ ነገር ነው፤ እኔ ከክፍል ያልገባኝ ብዙ ነገር እዚያ ነው የገባኝ።

ስለ ምግብ አትጨነቂ። ጾመኛ ከሆንሽ ሪቦሊታ የሚሉት የቦሎቄ፣ የጥቁር ጎመንና የደረቀ ዳቦ ሾርባ አለ። አይብ እንዳይነሰንሱበት ቀድመሽ ንገሪያቸው። ዳቦው ጨው የለውም፣ ይለመዳል።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። ያደግሁት ሰንበት ትምህርት ቤት ነው። ውጭ ሄጄ ንድፍ መማር እፈልጋለሁ፤ እርቃን ሞዴል መሣል ግን ግዴታ ነው ሲሉኝ ከበደኝ። ምን ትመክረኛለህ? (ከአዳማ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ክብደቱ ይገባኛል፣ ማንም ሊያቃልልብህ አይገባም። ክፍሉ ውስጥ ያለውን ሥርዓት ልንገርህና ራስህ መዝን።

ሞዴሉ ወይም ሞዴሏ ከመጋረጃ ኋላ ልብስ ቀይረው፣ ጋዋን ለብሰው ይመጣሉ። ሰዓት ይሞላል። 20 ወይም 25 ደቂቃ ሳይንቀሳቀሱ ይቆማሉ፣ ዕረፍት ሲሆን ወዲያው ጋዋኑን ይለብሳሉ። ስልክ ማውጣትና ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው፤ የሚነካቸውም ሆነ ስለ ሰውነታቸው የሚያወራ የለም። የእግራቸው ቦታ በፕላስተር ምልክት ይደረግበታል፣ በማግስቱ በዚያው ይቆማሉ፤ አንዱ አቋም ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። ከባድ ሥራ ነው፤ ለሚሠራው ሰው ትልቅ አክብሮት አለኝ። አንተም የምታስበው ክብደቱ በየትኛው እግር ላይ እንዳረፈ፣ ትከሻው ወደየት እንዳዘነበለ ብቻ ይሆናል።

የኔን ሐሳብ ከጠየቅኸኝ ባትዘለው ደስ ይለኛል፤ ነጠላው ወይም ጋቢው እንዴት እንደሚያርፍ የሚወስነው ከሥሩ ያለው አካል ነውና። ሆኖም ከመመዝገብህ በፊት ከንስሐ አባትህ ጋር በግልጽ ተመካከር። ትምህርት ቤቱንም በጽሑፍ ጠይቅ፤ የፊት ምስል ሞዴልና ጀሶ ብቻ ወስደህ መማር የምትችልባቸው አሉ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከአጎቴ ጋር የቤተ ክርስቲያን ሥዕል እሠራለሁ። ፈረንጅ አገር ሄጄ ብማር የራሳችንን አሣሣል አያጠፋብኝም? (ከጎንደር)

መልስ፦ ፍርሃትህ እውነት ነው፤ ጀሶ ላይ ወራት የቆመ እጅ ይለወጣል። አንተ ከአጎትህ የተማርከው መስመር ነው፤ እዚያ ደግሞ መስመሩን ትተህ ጥላና ብርሃንን ለይ ትባላለህ። ይጣላሉ። ግን ከአንተ በፊት የሄዱትን እይ። እስክንድር ቦጎሲያን ለንደንና ፓሪስ ቆይቶ ሥራው ውስጥ የጠልሰምን ዓለም ነው ያስገባው። ገብረክርስቶስ ደስታ ደግሞ ከኮሎኝ ረቂቅ (አብስትራክት) ሥዕል ይዞ ተመለሰ። ሁለቱም የመረጡት አውቀው ነው።

ፍሎረንስ ከሄድክ ኡፊዚ ገብተህ መጀመሪያ የድሮዎቹን የጣሊያን ሰዓሊዎች፣ የቺማቡዌን፣ የዱቾንና የጆቶን ትልልቅ የእመቤታችን ሥዕሎች ፈልግ። የወርቅ ጀርባ፣ ምስለ ፍቁር ወልዳን የሚመስል አቀማመጥ፣ ዙሪያዋን የከበቡ መላእክት። አንተ ከሌሎቹ ተማሪዎች ቀድመህ የምታነባቸው ሥዕሎች ናቸው፤ እነሱን ፊት ለፊት ቆመህ በራስህ መስመር ገልብጣቸው። የሳምንቱን ቀን ለትምህርት ቤቱ ስጥ፣ ቅዳሜን ለአጎትህ አሣሣል። የሠራኸውንም ፎቶ አንስተህ ላክለት፤ እዚያ ያሉት አስተማሪዎች የማያዩትን ጉድለት እሱ ያይልሃል።